አሳው እስኪወጣ

ከሁሉ በፊት ስለ እጅ ጽሕፈቴና ስለ ፊደል ስሕተቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እሑድ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጥጉ የተቀደደ ገበታ ነው፤ በተቀደደው በኩል የነበሩትን ፊደሎች እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልጽፋቸውም። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም አላውቅም። አሳ የሚለውን ቃል እንኳ አንዱ «ዓሣ»፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ሌላው «አሣ» ብሎ ሲጽፈው አይቻለሁና ለእጄ የቀለለኝን መርጫለሁ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው፤ እሱንም አገር ሁሉ በተዘጋበት በዚያ በበሽታው ጊዜ አንድ ሳምንት እየገባን አንድ ሳምንት እየቀረን ነው የጨረስነው። ሌላም ይቅርታ አለኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ሽማግሌ ስለሆነ «አሉ፣ መጡ» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ግን ጋሼ አንጁሎን «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ከሰው ሰምቼ «እርስዎ» ብለው፣ ከኋላው ማን እንደ መጣ ለማየት ዞረ።

ልጅ ሳለሁ ቀኑ አይመሽልኝም ነበር። ልጅ ሳለሁ ስል እናቴ ብትሰማ ትስቅብኛለች፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ለእኔ ግን ያ ጊዜ ሩቅ ሆኖብኛል። ያኔም እንደ አሁኑ የምንኖረው ጆሀንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን፣ ስፓዛ ከሚባለው ከአባቴ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። በሎድሼዲንግ፣ መብራት በተራ ሲጠፋ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጨለማ ይውጠውና አባቴ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ በባትሪ ብርሃን ይሸጣል፤ ልጆች ከውጭ ሆነው «ማይፍሬንድ! ማይፍሬንድ!» እያሉ በሳንቲም ብረቱን ያንኳኳሉ። እዚህ የሀበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይፍሬንድ ነው። እኔ ደንበኛ ሲጠራኝ ከዱቄት ከረጢት ጀርባ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ። አስተማሪዎቼ በየዓመቱ ለእናቴ የሚነግሯት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ፌቨን ጎበዝ ናት፣ ግን አትናገርም።

ጓሮ ደግሞ ጋሼ ኢምባውላውን ያቀጣጥላል። ኢምባውላ ጎኑ የተበሳሳ ትልቅ የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ይሞላበትና በየቀዳዳው ቀይ ዓይን ያወጣል። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ልብስ ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሄድ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ትይዛለች። እኔ ግን ጭሱን እወደው ነበር፤ ጭሱ ጠርቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር ጋሼ ጉሮሮውን ይጠርግና ተረት ይጀምራልና።

ጋሼ አንጁሎ የእናቴ አጎት ነው። ያደገው ጫሞ ሐይቅ ዳር ሲሆን ወጣትነቱን በእንጨት ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት ነው ያሳለፈው። ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር የነበረውን ሱቅ ለቅቆ እኛ ዘንድ ሲመጣ በእጁ የነበረው አንድ ሻንጣና አንድ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ለአባቴ ይተውና በታክሲ ቤኖኒ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ይሄዳል። ሐይቅ የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጫሞ ጋር እያስተያየ «ያቺ ኩሬ» ነው የሚላት። እንግሊዝኛ ስለማይችል እኔን ይዞኝ ይሄዳል። አባቴ በዚህ ይስቃል።

«የማትናገር አስተርጓሚ ይዞ የሚዞር ሰው አንተን ብቻ አየሁ፣ ጋሼ!»

«ጥቂት ትናገራለች፣ የተናገረችውም እውነት ነው። እንደ አንተ አይደለችም» ብሎ ይመልስለታል።

የጋሼ ተረት ሕግ ነበረው። ጫሞ ላይ እሱ ይሠራባት በነበረችው ጀልባ፣ ተረት የሚጀመረው ወደ ውሃው በሚወጡበት ቀን ዋዜማ ምሽት ነው፤ የሚጨረሰው ግን አሳ ይዘው ሲመለሱ ብቻ ነው። አሳው ካልወጣ ተረቱም አይወጣም። ሐይቁ አዞ የሞላበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚከፋ ሐይቅ ነው። ጀልበኞቹ፣ ተረት በልቡ ተንጠልጥሎ የቀረበት ሰው፣ ነጋሪም ሆነ ሰሚ፣ ተረቱ ሳያልቅ ውሃ አይወስደውም፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል ብለው ያምኑ ነበር። ጋሼ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ብዙ ነገር ትቷል፤ ይህችን ግን ይዟት ጆሀንስበርግ ድረስ መጣ። ስለዚህ ዓርብ ምሽት ለእኔና ለትንሹ ወንድሜ ለናቲ ይጀምርልናል፣ ቅዳሜ አሳ ይይዛል፣ ቅዳሜ ምሽት ይጨርስልናል።

መጀመሪያ ላይ ይህ ምንም አላስቸገረንም። ያኔ የሚያጠምደው ካርፕ የሚባለውን አሳ ነበር። ለካርፕ የሚያስፈልገው ከራት የተረፈ ፓፕ ነው፤ የበቆሎውን ገንፎ በመዳፉ እያሸ ያጠነክረዋል፣ መንጠቆው ላይ ይለጥፈዋል፣ ይወረውራል፣ ይቀመጣል። ካርፕ ሆዳም ስለሆነ ይመጣል። እናቴ «ይሄ አጥንት ነው ወይስ አሳ?» እያለች ታማርራለች እንጂ ተረቱ በየሳምንቱ ያልቅ ነበር። ለጉማሬ የተዳረችውን ሙሽራ፣ ጨረቃን በመረብ ሊያወጣ ሲል መረቡን ያጣውን ሰነፍ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ።

ከዚያ ባስ መጣብን።

ያመጣብን ኡም ፒት ነው። ኡም በአፍሪካንስ አጎት እንደ ማለት ነው። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነጭ ነበር፤ ሁልጊዜ በታጣፊ ወንበሩ ላይ፣ ከአንድ የአኻያ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አንድ ቀን ከጎናችን ሆኖ ሲወረውር ውሃው ፈነዳና አንድ አረንጓዴ አሳ አየር ላይ ወጥቶ ራሱን አራገፈ። አፉ እንዲያ ሰፊ የሆነ አሳ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ብድግ አለ። ኡም ፒት አሳውን ጎትቶ አወጣው፣ የታችኛውን ከንፈሩን ይዞ ከፍ አደረገው፣ ግንባሩን ሳመው፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ወደ ውሃው መለሰው።

«ምን አደረገ?» አለኝ ጋሼ።

«ለቀቀው።»

«አመለጠው በይ እንጂ።»

«አላመለጠውም። ስሞ ለቀቀው።»

ጋሼ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። «እስቲ ጠይቂው» አለኝ በመጨረሻ፣ «አሞታል?»

አልጠየቅኩለትም። ኡም ፒት ግን ገብቶት ኖሮ እየሳቀ መጣና አስረዳን። አሳው ባስ ይባላል። በፓፕ አይያዝም። የሚነክሰው ሲርበው ሳይሆን ሲናደድ ነው፤ ስለዚህ የላስቲክ ትል ፊቱ ላይ እያወዛወዙ ማናደድ ነው። ይህን ስተረጉምለት ጋሼ ጭኑን መታ። «ሳይርበው በንዴት የሚናከስ? እናትሽን ነዋ የሚለው!» አለ። ኡም ፒት ከሣጥኑ አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የላስቲክ ትል አውጥቶ ሰጠው። ከዚያን ቀን በኋላ ጋሼ ካርፕ አልነካም። «ካርፕ አሳ መሰለሽ? በውሃ ውስጥ የሚኖር በግ ነው» ይለኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ዓርብ ነው ያንን ተረት የጀመረልን። አንድ አሳ አጥማጅ ነበር፣ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ዲዳ አይደለችም። ለመናገር የሚበቃ ነገር አላገኘችም እንጂ። እዚህ ላይ ጋሼ ወደ እኔ ያይና ናቲ ይስቅብኛል። አንድ ቀን የአባትየው ጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ከሥር አንድ ትልቅ አሳ ይዟት ነበር። አሳው፣ «ልጅህ ወደ ዳር ትምጣና አንድ ቃል ትናገር። ቃሉ ካረካኝ እለቅሃለሁ፤ ካላረካኝ ግን ከእኔ ጋር ትወርዳለህ» አለ። ሰዎች ልጅቷን ጠሯት። መጣች። እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። አባቷን አየችው፣ አፏን ከፈተችና...

«ቀሪው ነገ» አለ ጋሼ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቃሉ ምን ይሆን? ለናቲ ቀልድ ነበር፤ ለእኔ ግን አልነበረም። ያኔ በልቤ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ያንን ቃል ካወቅኩት እኔም የምናገር መስሎኝ ነበር። አስተማሪ ሲጠራኝ፣ ደንበኛ «ኡንጃኒ?» ብሎ እንዴት እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ፣ እሱን ቃል ብዬ የምጀምር፣ ሌላው ራሱን ችሎ የሚከተል መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ባስ አልተያዘም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልተያዘም። ጠዋት ጋሼ «ባስ ልንይዝ ነው» ብሎ ሲወጣ እናቴ «ታክሲው ምን ሆኖ ነው በባስ የምትሄዱት?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀልዱ ቤታችን ውስጥ ተተከለ። ማታ ባዶ እጃችንን ስንመለስ አባቴ በፍርግርጉ በኩል አንገቱን ያወጣና «ጋሼ፣ ዛሬስ ባስ?» ይላል።

«ባሰ!» ይላል ጋሼ ዘንጉን እየጣለ። «ባሰ እንጂ!»

እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ በንዴት ጥርሴን እነክሳለሁ። ተረቱ ይጨረስ ብዬ ብለምነውም «አሳ የታለ?» ነው መልሱ። አዲስ ይጀመር ሲባልም ሁለት ተረት በአንድ ጊዜ አይንጠለጠልም አለ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ያንኑ ግማሽ እንደገና ይነግረናል፤ ልጅቷ ውሃው ውስጥ ትገባለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ እኛም እንተኛለን።

ለምን እንደማይያዝለት ኡም ፒትን ጠይቄው፣ ወቅቱን ጠብቁ ብሎ በደንብ ነግሮኝ ነበር። እኔም ቃል በቃል ተርጉሜያለሁ። «በበጋ አሳው ከዳር ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቶሎ ቶሎ እየጎተትክ አናደው። በክረምት ወደ ታች ይወርዳል፤ ትሉን ወደ ጥልቁ ጣልና እንደ ሞተ ነገር ቀስ እያልክ ጎትት።» ጋሼ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደተባለው አደረገ። ዝናቡ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እየጠቆረ መብረቅ ሲያጉረመርም፣ የእኛ ሰው ከጥልቁ ዳር ቆሞ ትሉን እንደ ሞተ ነገር ቀስ እያለ ሲጎትት ከረመ። አንድም ጊዜ አልተነካለትም።

ከዚያ በሽታው ገባ። አገር ሁሉ ይዘጋ ተባለ። ሱቃችን ምግብ ስለሚሸጥ ክፍት ነበር፤ ወታደሮች በመንገዱ ሲያልፉ ግን አባቴ ማስኩን እስከ ዓይኑ ድረስ ይስብ ነበር። ሲጋራ መሸጥ ተከልክሎ ስለነበር ሰዎች በፍርግርጉ በኩል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይለምኑታል። ትምህርት ቤት የለም። ቤተ ክርስቲያን በስልክ ሆነ። ሐይቁም ተዘጋ፤ ብቻውን ውሃ ዳር የሚቀመጥ ሽማግሌ ማንን እንደሚያስይዝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዘንጉ ከበሩ ኋላ ቆሞ ናቲ ጃኬቱን ይሰቅልበት ጀመር። ምሽት በሰዓት እላፊው ምክንያት መንገዱ ጭር ስለሚል እሳቱ ዳር ረጅም ጊዜ እንቀመጣለን። ያኔ ያን ሁሉ ተረት መስማት የምንችልበት ጊዜ ነበር። ጋሼ ግን ያንኑ ግማሽ ተረት ነው የሚደግምልን። አንድ ምሽት ልጅቷ ውሃው ውስጥ ልትገባ ስትል «አትግቢ በላት!» ብዬ ሳህኔን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ተቆጣችኝ። ጋሼ አልተቆጣኝም፤ «የተረቴ ገበያ ደርቷል» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ይልቅ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ብርዱ ሲገባ ሐይቁ ተከፈተ። ሣሩ ደርቆ፣ ጠዋት በረዶ ነጭ አድርጎት፣ ከሩቅ የሜዳ ቃጠሎ ጭስ ይታያል። ጋሼ በሁለት ካልሲና በእናቴ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ቆሞ ትሉን ቶሎ ቶሎ ይጎትታል። ኡም ፒት ከማስኩ በላይ ዓይኑን አፍጥጦ መጣ። ይህ ሰው ምን እየሠራ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚህ ክረምት ዳር ላይ ምን አሳ አለለት?

«ክረምት ነው ይላል» አልኩት ጋሼን።

«ማን?»

«ኡም ፒት። በክረምት ወደ ጥልቁ ጣል ብሎህ ነበር።»

«ታዲያ ጥያለሁ! ክረምቱን ሙሉ ጥያለሁ፤ ያን ሁሉ ዝናብ ስትደበደቢ አብረሽኝ አልነበርሽም?» ሰማዩን አሳየኝ። «አሁን ደመና አለ? ጠብታ አለ? ይሄ በጋ ነው!»

በዚያ ብርድ ላቤ መጣ። እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግኩ ስለሆንኩ ለእኔ ክረምት ብርድ ነው፣ በጋ ሙቀት ነው። ለጋሼ ግን ክረምት ዝናብ ነው፣ በጋ ድርቅ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ዝናቡ የሚዘንበው በሙቀቱ ነው። እኔ አንዱን ተናግሬ እሱ ሌላውን ሰምቶ፣ ሁሉንም ገልብጦ ሲያጠምድ ነው የከረመው። ይህን እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ ዘንጉን መሬት ላይ ወረወረው።

«ውሃ የማይወርድበት ክረምት! እና ለምን ክረምት አላችሁት? ሌላ ስም አጥታችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ኡም ፒት የሚሰደብ መስሎት ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ጋሼ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ፣ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ አፏን ከፍታ ውሃው ውስጥ ቆማለች።

ሙቀቱ ሲመለስ ጋሼ በደንቡ ማጥመድ ጀመረ፤ የጃካራንዳው ዛፍ ሐምራዊ አበባ ሲያወጣ በእርግጥም ባስ ያዘ። ዘንጉ ጎበጠ፣ አሳው ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ጋሼ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በእጁ አወጣው። ጮህኩ መሰለኝ። ያኔ ኡም ፒት እየሮጠ መጣና ይለቀቅ፣ ይለቀቅ አለ። ይህ አባት ነው አለኝ። ባስ እናቲቱ ጥላ ትሄዳለች፣ ጫጩቶቹን የሚጠብቀው አባትየው ነው፤ እሱ ከተወሰደ ሌሎች አሳዎች ጫጩቶቹን ወዲያው ይጨርሷቸዋል። ይህን ባልተረጉመው ምን ነበረበት? ግን ጥቂት የምናገረው እውነት ነው ተብሎልኛልና ተረጎምኩት።

ጋሼ አሳውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «አባት ነው?» አለኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ለቀቀው። አልሳመውም እንጂ ለቀቀው።

ታክሲው ውስጥ «ይቆጠራል አይደል? ወጥቷል እኮ» ብዬ ለመንኩት። «ቤት የገባ አሳ አለ?» አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ፊት አለቀስኩ፤ እንደኔ ዓይነት ዓይን አፋር ልጅ በታክሲ ውስጥ ስታለቅስ ምን ያህል ብትናደድ እንደሆነ አስቡት።

ከገና በኋላ በሽታው አገርሽቶ ሐይቁን መልሰው ዘጉት። በዚያው ሰሞን ጋሼ ታመመ። በውስጠኛው ክፍል ብቻውን ተኛ፣ እኛ አራታችን በሌላኛው ተጨናነቅን። ሻይና ገንፎ ከበሩ ሥር የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ረጅም ጊዜ ታመመ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በስልክ ጸለዩ፤ እናቴ በሱቁ መስኮት ዳቦ እየሰጠች ታለቅስ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ከስቶ፣ ገርጥቶ ከክፍሉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚረሳው ነገር በዛ። ናቲን በገዛ ወንድሙ ስም ይጠራዋል። የዳቦን ዋጋ አባቴን እየደጋገመ ይጠይቀዋል። መንጠቆ ማሰር ግን አልረሳም፤ እጁ ራሱ ያውቀዋል።

ሐይቁ እንደገና ሲከፈት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሄድን። የኡም ፒትን ወንበር ከአኻያው ሥር አላየነውም፤ ከዚያ በኋላም አላየነውም። የምንጠይቀው ሰውም አልነበረም። በዚያን ቀን ጋሼ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወረውር ባስ ያዘ። ጫጩት የሚጠብቅበት ወቅት አይደለም፤ የሚከለክለን አልነበረም። በላስቲክ ከረጢት ጠቅልለን በታክሲ አመጣነው።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ባስ?» አለ አባቴ።

«ተገኘ!» አለ ጋሼ፣ አባቴም ከሱቁ ወጥቶ አቀፈው። እናቴ ጠበሰችው። ኢምባውላው ተቀጣጠለ። አባቴ እንኳ ሱቁን ዘግቶ በባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ጭሱ እስኪጠራ ጠበቅን። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ አየ።

«የት ደርሰን ነበር?»

እኔ ነገርኩት። አሳ አጥማጁን፣ የማትናገረውን ልጅ፣ ቀጥ ያለችውን ጀልባ፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። በሰዎች ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ ድምፄ ለራሴ የሌላ ሰው መሰለኝ። ጋሼ አገጩን በእጁ ይዞ፣ የፍሙ ብርሃን ፊቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ሰማኝ። «አባቷን አየችው፣ አፏን ከፈተችና» ብዬ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

አባቴ የሚያሾፍብኝ መስሎት ሳቀ። ናቲ «አሳው ወጥቷል! ማታለል የለም!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ዓይኑን አየሁት። አላሾፈም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ነው የሚመስለው፣ በእውነት ምን እንዳለች ማወቅ ፈልጓል። «ከዚያስ፣ ፌቨኔ? ምን አለች?»

ጋሼ አሁንም ከእኛ ጋር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ያጠምዳል። አልፎ አልፎ ያንን ግማሽ ተረት ንገሪኝ ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ «ከዚያስ?» ይለኛል። እናቴ አንድ ነገር ፈጥረሽ ጨርሺለት ትለኛለች። ሞክሬያለሁ፤ «አባዬ» አለች ልል፣ «ልቀቀው» አለች ልል ምላሴ ላይ አድርሼ እመልሰዋለሁ። የእኔ ቃል እንጂ የልጅቷ ቃል አይሆንማ። ከዚያ ሁሉ ተረት ተጨርሶ የተሰማው ሳይሆን ይሄኛው ነው አብሮኝ የቀረው፤ ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሱቁ ውስጥ ቆሜ እሸጣለሁ፣ አሁን «ንጊያፒላ» ብዬ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ሰው ያናግረኛል። ቃሉ ሳይገኝ መናገር ጀመርኩ ማለት ነው። ታሪኩን የሚያውቁ የቤተ ክርስቲያን እኅቶች «ምስኪን፣ መጨረሻውን ሳትሰሚው በሽታው ወሰደብሽ» ሲሉኝ ግን አንገቴን እደፋለሁ። እነሱ ከዓይን አፋርነት ይቆጥሩታል።

በሽታው አይደለም የወሰደብኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጋሼ በጣም በታመመበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሻዩን አስቀምጬ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፣ እናቴ መስኮቱ ላይ ናት። ትንፋሹ ከውስጥ እንደ መጋዝ ይሰማል።

«ፌቨኔ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«አሳውን ተይው። ብዙ አስጠበቅኩሽ። ስሚኝ፣ ልጨርስልሽ።» ሳል ያዘው፣ ቆየ፣ ከዚያ ጀመረ። «ልጅቷ አፏን ከፈተችና፣ ምን አለች መሰለሽ...»

ያን ሁሉ ጊዜ የለመንኩት ነገር ነው። እኔ ግን በሁለት እጄ ጆሮዬን ደፍኜ፣ በሕይወቴ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ «እንዳትጨርሰው!» ብዬ ጮህኩ። «አሳው ሳይወጣ እንዳትጨርሰው!»

እናቴ ከሱቁ ሆና «ተይው ልጁን!» ብላ ስትጮህ በደፈንኩት ጆሮዬ እንኳ ተሰማኝ፤ ናቲን የተቆጣሁት መስሏት ነው። «እሺ» አልኳት። ትንሽ ቆይቼ እጄን ከጆሮዬ አነሣሁ። ከበሩ ወዲያ ሳሉ ጋብ አለለትና ጋሼ በቀስታ «እሺ» አለኝ።